የስፖርት መኪና ክለብ ዓመታዊ የተራራ ጉዞ፦ ስካይላይን ድራይቭን በኦክቶበር እንዴት እንንዳው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር መኪና ወዳዶች ኦክቶበር ሲገባ እጃችንን መሪ መሪ ይለዋል። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ካልወጣን ዓመቱ ያለፈ አይመስለንም። በአካባቢው ያሉ የስፖርት መኪና ክለቦችም ትልቁን ጉዟቸውን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ቦክስተር ያለው በቦክስተሩ፣ ሚያታ (ጣራዋ የሚከፈተው ትንሿ ማዝዳ) ያለው በሚያታው፣ ኮርቬት ያለው ሰፈሩን እየቀሰቀሰ ይመጣል። የኛም ሰው በየክለቡ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ደስ ይላል።

ይሄን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ክለቡ "ዘንድሮ አንተ አዘጋጅ" ብሎ ሥራውን የጣለበት ሰው ነው። ሌላው ደግሞ መኪናውን ገና መግዛቱ የሆነና "ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ" እያለ የሚያመነታ ነው። ሂድ። ግን ይሄን አንብበህ ሂድ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። የክለብ ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም ፊት ባለው መኪና ሳይሆን መጨረሻ ላይ ባለው ነው። ፊት ያለው ሁሌም ደስተኛ ነው፤ መንገዱ ባዶ፣ እይታው ክፍት። መጨረሻ ያለው ሰው ግን ላለመቅረት ሲል ከአቅሙ በላይ ከነዳ፣ ወይ መንገድ ስቶ ብቻውን ቆሞ ስልክ ከደወለ፣ ያ ጉዞ ከሽፏል። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር እሱን ሰው ለማሳረፍ ነው።

መንገዱ

ስካይላይን ድራይቭ በሰሜን ከፍሮንት ሮያል ከተማ ተነስቶ በደቡብ ሮክፊሽ ጋፕ እስኪደርስ 105 ማይል ነው። ከዳር እስከ ዳር ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የብሉ ሪጅ ተራሮችን አናት አናታቸውን ይዞ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል የሸናንዶዋ ሸለቆ፣ በምሥራቅ በኩል ሜዳና ኮረብታ ይታያችኋል። 70 የሚደርሱ መቆሚያና ማያ ቦታዎች አሉት። ያለማቋረጥ ብትነዱት 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ግን ማንም ያለማቋረጥ አይነዳውም።

ግንባታው እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 ነው የተካሄደው። በየማያው ያለው ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር በብዛት የዚያ ዘመን ሥራ ነው፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ መንግሥት በካምፕ ሰብስቦ ሥራ የሰጣቸው ወጣቶች የደረደሩት። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፓርኩን የመረቁት በ1936 ሲሆን ቦታው ቢግ ሜዶውስ ነው። ተራራው ባዶ መሬት እንዳልነበረም ማወቅ ይገባል፤ ፓርኩ ሲከለል ከ500 በላይ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነስተዋል።

መንገዱ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተቆጠሩ የማይል ምሰሶዎች አሉ። ፍሮንት ሮያል ዜሮ ነው። ወደ ደቡብ ስትነዱ ምሰሶዎቹ በቀኛችሁ ናቸው። የጉዞ ወረቀታችሁን ስታዘጋጁ ሁሉንም ነገር በነዚህ ቁጥሮች ጻፉ። "ቆንጆው ማያ ጋ እንገናኝ" ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። "ማይል 20.8፣ ሆግባክ" ስትሉ ግን ስልኩ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው እንኳ ያገኛችኋል። ኔትወርክ ደግሞ ይጠፋል። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ወረቀትም ያዙ።

ስለ 35 ማይል

የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፣ 56 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱ ይቀየራል። "400 የፈረስ ጉልበት ይዤ በ35?" አዎ፣ በ35። ጣራውን ከፍታችሁ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ሲቀበላችሁ፣ የሞተሩን ድምፅ ከድንጋዩ ግንብ ላይ ተመልሶ እየሰማችሁት፣ ያ ፍጥነት የሚያንስ አይመስላችሁም። የሚያታ ባለቤቶች ይሄን ከሁላችን ቀድመው ያውቁታል።

መፍጠን የሚፈልግ ሰው ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ይሂድ። ቦታው ለዚያ ነው የተሠራው፤ አጋዘን አይሻገርበትም፣ ብስክሌተኛም የለበትም።

ሕጉንም እንወቀው፣ ምክንያቱም ቨርጂኒያ በዚህ አትቀልድም። ከወሰኑ በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የፈጠነ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በግድየለሽ አነዳድ ነው። ይሄ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚይዛችሁ የፌዴራል ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) ነው፣ ጉዳያችሁም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ለዜግነት የምታመለክቱ ሰዎች ፎርሙ ላይ ስለ ክስና ስለ እስር መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ለአንድ ቅዳሜ ደስታ ብላችሁ እዚያ ጣጣ ውስጥ አትግቡ።

የራዳር ጠቋሚ፣ ማለትም የፖሊስ ፍጥነት መለኪያ መኖሩን የሚጠቁም መሣሪያ፣ ያላችሁም አንድ ነገር ስሙ። ሜሪላንድ ውስጥ ችግር የለውም፤ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ግን ሕገወጥ ነው። ከሜሪላንድ የሚያሻግረውን ድልድይ ከማለፋችሁ በፊት ንቀሉት።

ቀን መምረጥ

ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ የሚደምቀው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ነው። ችግሩ ይሄን የሚያውቀው የኛ ክለብ ብቻ አይደለም። በኦክቶበር ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ ቶርንተን ጋፕ መግቢያ ላይ፣ ሰልፉ ወደ ታች ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ቆሞ እየተነቃነቀ የሚሄድ ሰልፍ ደግሞ ለፍሪሲዮንም ለነርቭም መጥፎ ነው። ከቻላችሁ ዓርብ አድርጉት። ካልቻላችሁ በማለዳ በፍሮንት ሮያል ግቡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በር ላይ ከደረሳችሁ ቀኑ የናንተ ነው።

ሰዓት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ክለባችሁ ውስጥ ሐበሻም ፈረንጅም ካለ ሰዓቱን ሁለቴ ጻፉት፦ በፈረንጅ 7:30፣ በኛ 1:30። አለበለዚያ አንዱ ጨለማ ውስጥ ሲጠብቅ ሌላው ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውን ነገርማ ለዚያ ቀን እቤት ተዉት። አዘጋጁ ከሆናችሁ ደግሞ በተባለው ሰዓት ተነሱ፤ አንዴ ከጠበቃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም አርፍዶ ይመጣል።

ቅዝቃዜውን አትናቁ። ተራራው ላይ ከሸለቆው በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ጣራ ከፍቶ ለሚነዳ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል። ለጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት ወላጆቻችን ሚያታ ሳይነዱ ነው እንዲህ ያሉት። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፈር ያለ ጃኬት ያዙ። ጣራ ከፍቶ የወንበር ማሞቂያ መክፈት አያሳፍርም፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ክፍያና ፈቃድ

መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን 7 ቀን ያገለግላል። ደረሰኙን አትጣሉት፣ ወጥታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። መግቢያው በር ላይ ቆሞ ካርድ መፈለግ የቡድኑን ሰልፍ ስለሚበጥሰው ሰው ሁሉ ቀድሞ በኢንተርኔት እንዲገዛ ንገሩት።

አዘጋጅ ከሆናችሁ ወራት ቀደም ብላችሁ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ብዛት ያለው መኪና ተደራጅቶ ሲመጣ ልዩ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ስድስት ጓደኛሞች መሆንና ምዝገባ ያለው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት፣ የአርባ መኪና ዝግጅት መሆን አንድ አይደለም። ደውሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ኢንሹራንሱንም አስቡበት። የመኪና ኢንሹራንሶች በአብዛኛው እሽቅድምድምንና ሰዓት ተይዞ የሚደረግ ውድድርን አይሸፍኑም። ስለዚህ ጉዞው ላይ "ማን ቀድሞ ደረሰ" የሚል ጨዋታ አይኑር፣ በቀልድ እንኳ። ሽልማት መስጠት ካማራችሁ በደንብ ለጸዳ መኪና ስጡ።

መኪናውን ማየት

ይሄ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለዚህ አልቸኩልም።

ከፍሬን ጀምሩ። ወደ ላይ መውጣት የሞተር ሥራ ነው፣ መውረድ የፍሬን። ስፖርት መኪናችን ብዙውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የሚያርፍና በወር ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ ነው። የፍሬን ዘይት ግን መኪናው ቆሞም ያረጃል፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ቀስ በቀስ ይጠጣል። ውሃ የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ የፈላ ዘይት አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ይላል፤ እግራችሁ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት አስቀይሩት፣ ውድ አይደለም። የፍሬን ሸራውንም በዚያው አሳዩ። ግማሽ የቀረው ሸራ ለከተማ ይበቃል፤ ለተራራ ግን እኔ አዲስ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ጎማ። ነፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ እሱን አትከተሉ። የጎማውን ዕድሜም እዩ። ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የሚያልቅ ኮድ አለ፤ 3521 ካለ በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ በስፖርት መኪና ላይ ማየት የተለመደ ነው፣ መኪናው ስለማይነዳ። ላስቲኩ ግን ደርቋል። ሌላው ነገር፣ የበጋ ጎማ (ሰመር ታየር፣ ለሙቀት ወራት የተሠራው) የሚባለው ከ45 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች ይደርቃል፣ አይዝም። ማለዳ ተራራ ላይ ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ አዲስ ነገር አይደለም። በላዩ ላይ እርጥብ ቅጠል መንገድ ላይ ከተኛበት ኩርባው ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው የሚሆንባችሁ። ቀኑ እስኪሞቅ ቀስ።

ብዙ ስፖርት መኪና ስኮርታ ጎማ የለውም። ያለው ትንሽ የአየር መንፊያና የሚጨመር ፈሳሽ ነው። መኖሩን፣ ፈሳሹም ጊዜው አለማለፉን ጋራዣችሁ ውስጥ እያላችሁ አረጋግጡ። የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፤ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ።

ነዳጅ ፍሮንት ሮያል ላይ ሙሉ። ተራራው ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ፤ ፕሪሚየም ቤንዚን የሚፈልግ መኪና ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ። መሀል ላይ ከጎደላችሁ በቶርንተን ጋፕ ወጥታችሁ በ211 መንገድ ወደ ሉሬይ ከተማ ውረዱ፣ 9 ማይል ያህል ነው፤ ሞልታችሁ በዚያው ደረሰኝ ትመለሳላችሁ።

የጠዋቱ ስብሰባ

መነሻ ላይ ሁሉም ከመኪናው ወርዶ 10 ደቂቃ ይስማ። ቡና የሚጠጣው ይጠጣ፣ ግን ይስማ። አብዛኛው ችግር እዚህ ይቀራል።

ከስድስት እስከ ስምንት መኪና አንድ ቡድን አድርጉ። ሃያ መኪና ባንድ ሰልፍ ማስኬድ ይቅርባችሁ፣ ለሌላው የመንገዱ ተጠቃሚም ግፍ ነው። በቡድኖቹ መካከል አሥር ደቂቃ ያህል ክፍተት ይኑር። እያንዳንዱ ቡድን መሪ አለው፣ ጭራ አለው። ጭራው ልምድ ያለው፣ ትዕግሥተኛ፣ ነገር ባይሳካም የማይናደድ ሰው ይሁን። የመጎተቻ ገመድ፣ መንፊያ፣ የባትሪ ማስነሻ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን እሱ ጋ ነው የሚሆነው። ከየማያው የመጨረሻው መኪና ሳይወጣ እሱ አይንቀሳቀስም።

አዲሱን ሰው የት እናድርገው? ብዙዎች "ተረጋግቶ ይምጣ" ብለው መጨረሻ ያደርጉታል። ተገላቢጦሽ ነው። አዲሱ ሰው ከመሪው ቀጥሎ ነው መሆን ያለበት። ለምን መሰላችሁ፤ ሰልፍ ይሳባል። መሪው ከኩርባ ወጥቶ ነዳጅ ሲረግጥ ሁለተኛው ገና ኩርባው ውስጥ ነው፣ ስምንተኛውማ ገና አልደረሰም። ክፍተቱን ለመዝጋት እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ትንሽ ትንሽ መፍጠን አለበት። መሪው በ35 ሲሄድ ጭራው 50 ሊያስፈልገው ይችላል፣ ያውም በማያውቀው ኩርባ። ይሄን ለጀማሪ አትስጡት። መሪ የሆናችሁ ደግሞ መስታወታችሁን እዩ። ኩርባ ስትጨርሱ አትፈትለኩ፣ ከማያ ስትወጡም የመጨረሻው አስፋልት ላይ እስኪወጣ በቀስታ ሂዱ።

መታጠፊያ ባለበት ቦታ፣ ማለትም ፍሮንት ሮያል ከተማ ውስጥና በመውጫው ላይ፣ አንድ ሕግ ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ላለው መኪና ኃላፊ ነው። መታጠፊያ ስትደርሱ የኋላችሁ ሰው መታጠፋችሁን እስኪያይ አትጥፉ። ፊት ያለውን ማሳደድ አያስፈልጋችሁም፤ እሱም እናንተን ይጠብቃል። ሰው ሁሉ ይሄን ከያዘ ማንም አይጠፋም።

ዎኪ ቶኪ ቢኖር ጥሩ ነው። ኤፍ አር ኤስ የሚባለው ዓይነት ፈቃድ አይጠይቅም፣ በቡድን ውስጥ ይበቃል። "ብስክሌተኛ በቀኝ"፣ "አጋዘን"፣ "ከፊት የቆመ መኪና አለ"። አጭር አጭሩን። ሬዲዮው ላይ የስፖርት ዜና የሚያወራ አንድ ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ ቀድማችሁ ንገሩት። ቻናሉን የሚይዘው ተሳፋሪ ቢሆን ይመረጣል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቪዲዮ የምትቀርጹ ካሜራውን ገጥሙት።

መንዳቱ

መቅደም የለም። ከቡድኑ ውስጥ ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ፊት ያለ የቤተሰብ መኪና በ25 ቢሄድም እንኳ። መሪው ቀረብ ያለ ማያ ላይ ቡድኑን አስገብቶ ሦስት ደቂቃ ያቁም፣ መንገዱ ይለቀቃል። ከኋላችሁ የተሰለፈ የአካባቢ ሰው ካለም እንዲሁ አሳልፉት።

ኩርባ ላይ ፍጥነታችሁን ሳትገቡ ቀንሱ፣ ቀጥ ብላችሁ ሳለ። ከገባችሁ በኋላ ነዳጁን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ዓይናችሁ ከፊት ያለውን መኪና መብራት ላይ እንዳይተከል፣ ኩርባው የሚያልቅበትን ፈልጉ። ከፊት ያለው ሰው ፍሬን በያዘ ቁጥር የምትይዙ ከሆነ በጣም ተጠግታችኋል። እየነዳችሁ ያላችሁት የሱን መኪና ነው።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ። በሞተሩ ያዙት። ካምቢዮው አውቶማቲክ የሆነባችሁ በመሪው ላይ ባለው መቀየሪያ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ አድርጉት። ፍሬን ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ አይገባም፤ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ አየር እንዲያገኝ መተው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁሙ። ስትቆሙ ግን የጋለውን ፍሬን ረግጣችሁ አትቀመጡ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ። ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ተዉት፣ ይቀዝቅዝ።

ማይል 32 ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ። ድንጋዩ ተፈልፍሎ ነው የተሠራው። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ እኛን አይመለከተንም፣ ካምፐር ያለው ይጨነቅ። መብራት አብሩ። ሁሉም ሰው መስኮት ከፍቶ ሞተር ማጓራት እንደሚያምረው አውቃለሁ። መጀመሪያ ውስጥ ብስክሌተኛ አለመኖሩን እዩ፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የስምንት ሲሊንደር ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ጉም ከመጣ፣ ይመጣልም፣ መብራታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። ነጩን መስመር ማየት ካቃታችሁ ጉዞውን ሰርዙ። ለዝናብና ለጉም ቀን ሁለተኛ ዕቅድ ያዙ፦ ሉሬይ ከተማ የተፈጥሮ ዋሻውን (ሉሬይ ካቨርንስን) የሚያስጎበኘው ድርጅት ግቢ ውስጥ የድሮ መኪናና የሠረገላ ሙዚየም አለ። ለመኪና ክለብ ከዚህ የተሻለ የዝናብ ቀን ማሳለፊያ አላውቅም።

አጋዘን አንድ ከተሻገረ ሁለተኛ አለ ብላችሁ አስቡ። ድብ ከታየ ደግሞ ሰው ሁሉ መሀል መንገድ ላይ ያቆማል። እናንተ አታቁሙ።

መቆሚያና ምሳ

ከመግቢያው 4.6 ማይል ላይ ዲኪ ሪጅ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ሽንት ቤት አለው፣ ማቆሚያው ሰፊ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ይውረድ፣ ያልወረደ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቡድኑን ያስቆማል። ለፎቶ ደግሞ ሆግባክን እመርጣለሁ፣ ማይል 20.8። ከማያዎቹ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው፤ ስምንት መኪና ተደርድሮ ሌላም ሰው ይበቃዋል። ከታች የሸናንዶዋ ወንዝ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ይታያል። ሞተር አጥፉ። ሰው ለጸጥታ ብሎ የመጣበት ቦታ ላይ ጭስ ማውጫ ማስጮህ ክለቡን ያሰድባል። ድሮን ማስነሳት በብሔራዊ ፓርክ ክልክል ነው።

ምሳ ስካይላንድ በሚባለው ማረፊያ፣ ማይል 41.7። እዚህ አካባቢ መንገዱ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፣ 3,680 ጫማ። ለሃያ ሰው ቀድማችሁ ደውሉ፣ ኦክቶበር ላይ ሳይደውሉ መሄድ ራብ ነው። በብላክቤሪ አይስክሬም ኬካቸው ይታወቃሉ፤ አንዱን ለሁለት ተካፈሉት። የጽጌን ጾም የምትጾሙ ምሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ኤልክዋሎው፣ ማይል 24 ላይ፣ የሽርሽር ጠረጴዛ አለ፤ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ የያዘ ሰው እዚያ ጓደኛ አያጣም። ለሾፌር ቢራ የለም፣ አንድም ቢሆን።

ከምሳ በኋላ ቢግ ሜዶውስን፣ ማይል 51ን፣ አልፋችሁ ማይል 57.5 ላይ ሉዊስ ማውንቴን ትደርሳላችሁ። ትንሽ ቦታ ነው፣ ብዙው መኪና ሳያየው ያልፋል። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ቦታ ነበር። ሌላው የፓርኩ ክፍል እስከ 1950 ድረስ ቀስ በቀስ ነው የተከፈተላቸው። እኛ ዛሬ ጣራ ከፍተን የፈለግነው ማያ ላይ የምንቆምበት መንገድ ነው ይሄ። አምስት ደቂቃ ብትቆሙ ጥሩ ነው።

መውረድ

ሙሉውን 105 ማይል መጨረስ ግዴታ አይደለም። ለአንድ ቀን እኔ የምመክረው ማይል 65.5 ላይ፣ ስዊፍት ራን ጋፕ፣ መውጣት ነው። ሰው ሲደክመው ስህተት ይጀምራል። ሮክፊሽ ጋፕ ድረስ ዘልቀው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን የሚቀጥሉ ክለቦች አሉ፤ እሱ 469 ማይል ነው፣ ኖርዝ ካሮላይና ያደርሳል፣ ሆቴል የሚያዝለት ሌላ ጉዞ ነው።

ከስዊፍት ራን ጋፕ በ33 መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ የቀኑ ትልቁ ቁልቁለት ይመጣል። ስለ ፍሬን ያልኩት ሁሉ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ከ35 ወሰን ስለወጣ እግሩ ይፈታል። ከዚያ ራከርስቪል ላይ 29 መንገድን ይዛችሁ ወደ ሰሜን፣ በኩልፔፐርና በዋረንተን በኩል። 29 ላይ የፍጥነት ወሰኑ በየከተማው ይለዋወጣል፤ ቀይ ኮርቬት ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ቡድኑ እዚህ ይበተን፣ ሁሉም በየራሱ ይሂድ። ግን እቤት ሲደርስ ለጭራው አንድ መልእክት ይላክ፣ ጭራው ስም እየሰረዘ ነው የሚያመሸው። ፎቶ ስትለጥፉ የሰው ታርጋ ሸፍኑ።

ጌይንስቪል ላይ 66 አውራ ጎዳና ስትገቡ የሚከፈልበት ኤክስፕረስ መስመር ታገኛላችሁ። ሦስት ሰው ለጫነና ኢዚፓስ ፍሌክስ (የሰው ብዛት የሚያሳይ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ላለው መኪና ነፃ ነው። ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሦስት ሰው አይጭንም። ስለዚህ ወይ ክፈሉ፣ ወይ ከሚኒቫኖቹ ጋር በነፃው መስመር ተሰለፉ።